የተቀዳ ምትና የመቺው እጅ፤ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስለሚሠራበት የሃይሃት ሳምፕል የቀረበ ትችት

1. መግቢያ

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ስለ አንዲት ቁራጭ የብረት ድምፅ ይህን ያህል ገጽ መጻፍ ምን ይጠቅማል ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን አስቀድማለሁ። ከእኛ ከተማሪዎች መካከል በኮምፒዩተር ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ብዙዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከዚሁ ሥራ የኪስ ገንዘብ ያገኛሉ። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነኝ። ሁላችንም ማለት ይቻላል፣ ከማናቸውም የሙዚቃ ክፍል ይልቅ ብዙ ሰዓት የምናጠፋው «ጥሩ ሃይሃት» ስንፈልግ ነው። በየኮምፒዩተራችን ውስጥ በሺህ የሚቈጠር የሃይሃት ድምፅ ተከማችቶ ሳለ፣ ዘፈናችን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲቱን ምት ብቻ ይደጋግማል። ይህ ነገር ከስንፍና ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ስለ ሳምፕል ምንነት ካለን የተሳሳተ አስተያየት የመጣ ነው።

አስተያየቱም ይህ ነው፤ ሃይሃት ማለት ድምፅ ነው፣ ስለዚህ መልካሙን ድምፅ ያገኘ ሰው ሥራውን ጨርሷል ይባላል። እኔ ግን በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፣ ሳምፕል ድምፁን ወስዶ እጁን የሚተው ነገር መሆኑን ነው። ይህም ከሆነ ሳምፕሉን የሚወስድ ሰው ስለ ቀረው እጅ ኃላፊ ይሆናል። ይህ ኃላፊነት ሁለት ፊት አለው፤ አንደኛው የጥበብ ነው፣ ሁለተኛው የፍትሕ ነው። በቅድሚያ ስለ ጥበቡ፣ በመጨረሻም ስለ ፍትሑ እናገራለሁ። ሳምፕል ስል ከተቀዳ ድምፅ ተቈርጦ ለሌላ ሥራ የሚውል ቁራጭ፣ ማለት ናሙና፣ ማለቴ ነው። ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

2. ስለ ሃይሃት ጠባይ

ሃይሃት የሚባለው በአንድ ዘንግ ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ክብ የነሐስ ሳህኖች፣ ማለት ሲምባሎች፣ ናቸው። የላይኛው በእግር መርገጫ አማካይነት ከታችኛው ጋር ይገጥማል፣ ይለቀቃልም። ዛሬ የተለመደው ስፋታቸው 14 ኢንች ነው። መሣሪያው የተወለደው በ1920ዎቹ በአሜሪካ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ከመሬት ብዙ ከፍ የማይልና በእግር ብቻ የሚጋጭ ነበር። ኋላ ግን ዘንጉ ስለ ረዘመ በዱላም የሚመታ ሆነ። በ1930ዎቹም በካውንት ቤዚ ጓድ ውስጥ ይጫወት የነበረው ጆ ጆንስ የጊዜውን መጠበቂያ ከትልቁ ከበሮ ወደ ሃይሃት አዛወረው። የብረቱ ታሪክ ግን ከዚህ በጣም ይቀድማል፤ ዚልጂያን የተባለው የአርመን ቤተ ሰብ በ1623 በቍስጥንጥንያ የመሠረተው የሲምባል ሥራ በ1929 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ለጃዝ ድራም መቺዎች ሲምባል ያቀርብ ነበር።

የነሐስ ሳህን ድምፅ ከጅማት ድምፅ የሚለይበት ምክንያት አለ። የክራር ጅማት በተመታ ጊዜ ከዋናው ድምፅ በላይ የሚሰሙት ንዝረቶች የዋናው ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ እየሆኑ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ጆሯችን አንድ የታወቀ ቃና ይሰማል። የነሐስ ሳህን ንዝረቶች ግን እንዲህ ባለ ቍጥር አይገጣጠሙም። በዚህም ምክንያት አንድ ቃና ሳይሆን «ጺ» የሚል የተደባለቀ ድምፅ ይወጣል። በቤተ ክርስቲያን ጸናጽል ሲወዘወዝ የሰማ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውላል። ቅጠሎቹ በተጋጩ ቍጥር ድምፁ ያው የጸናጽል ድምፅ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ምት ከሌላው ጋር ፍጹም አንድ ሆኖ አያውቅም።

ሃይሃትም እንዲሁ ነው። ዱላው በጫፉ ቢመታ ወይም በጐኑ፣ ምቱ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ቢያርፍ ወይም በመካከሉ፣ እግሩ ጥቂት ቢጠብቅ ወይም ቢላላ፣ ድምፁ ይለወጣል። ከዚህም በላይ ሳህኑ ከቀድሞው ምት ገና እየተንቀጠቀጠ ሳለ አዲሱ ምት ስለሚደርስበት፣ እያንዳንዱ ምት የቀደመውን ምት ትዝታ ይዞ ይወጣል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ዘፈን በደቂቃ 120 ምት ቢሄድና ሃይሃቱ እያንዳንዱን ምት ለአራት ቢከፍለው፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ 1,920 የሃይሃት ምት ይሰማል። በአንድ ሳምፕል ብቻ የተሠራ ከሆነ፣ አድማጩ አንዲቱን ቅጽበት 1,920 ጊዜ ሰማ ማለት ነው። የመጀመሪያ ሥራዬን ለአንድ ድራም መቺ ጓደኛዬ ባሰማሁት ጊዜ ጥቂት አዳምጦ፣ «ስማ እንጂ፣ ይህን ሃይሃት የሚመታው ሰው እጁ አይዝልም እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እጁ የማይዝለው እጅ ስለሌለው ነበርና።

3. ከመኪና ስለ ተቀዳ ምት

ጓደኞቼ ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት የሃይሃት ድምፅ ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980 ካወጣው «ቲ አር 808» ከተባለው የከበሮ መኪና የተቀዳ ነው። መኪናው በ1983 እስኪቋረጥ ድረስ ወደ 12,000 ያህል ተሠርቷል። ሮጀር ሊን የተባለው አሜሪካዊ በዚያው በ1980 ያወጣው «ኤል ኤም 1» የእውነተኛ ከበሮ ቅጂ የያዘ ነበር፤ ዋጋው ግን ወደ 5,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። 808 የተሸጠው በ1,195 ዶላር ነው። በዚያን ጊዜ የተቀዳ ድምፅ የሚያስቀምጥ ቺፕ እጅግ ውድ ስለ ነበረ፣ የ808 ሠሪዎች ድምፁን ሁሉ በኤሌክትሪክ ፈጠሩት።

የሃይሃቱ አፈጣጠር ሊጠና የሚገባው ነው። በመኪናው ውስጥ በሴኮንድ ከ200 እስከ 800 ጊዜ በሚደርስ ልዩ ልዩ ፍጥነት የሚንቀጠቀጡ ስድስት የኤሌክትሪክ ምንጮች አሉ። ፍጥነታቸው ሆን ተብሎ እርስ በርስ እንዳይገጣጠም ተደርጓል፤ ይህም ከላይ ስለ ነሐስ ሳህን የተናገርነውን ጠባይ ለመምሰል ነው። የስድስቱ ድምፅ አንድ ላይ ተደባልቆ በማጣሪያ ያልፋል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይቀርና ቀጭኑ ብቻ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቶሎ ከተዘጋ የተገጠመ ሃይሃት፣ ዘግይቶ ከተዘጋ የተከፈተ ሃይሃት ይሆናል። የተገጠመው በተመታ ጊዜ የተከፈተው ወዲያው ዝም ይላል፤ ይህም የእግሩን ሥራ መምሰሉ ነው።

ዋናው ነገር ግን የሚከተለው ነው። ስድስቱ ምንጮች መኪናው እስከ በራ ድረስ ከቶ አያርፉም። ምቱ ምንጮቹን አያስነሣም፤ በር ብቻ ይከፍትላቸዋል። እንደ መስኖ ውኃ ነው፤ ገበሬው ቦዩን በከፈተ ቍጥር የሚገባው ውኃ ያው የወንዙ ውኃ ነው፣ ሆኖም ቀድሞ የገባው ውኃ አይደለም። በሩ በተከፈተ ቍጥር ስድስቱ ሞገዶች በሌላ አቋም ላይ ስለሚገኙ፣ የምቱ መነሻ በየጊዜው በጥቂቱ ይለያያል። እንግዲህ ግዑዝ ነው የተባለው መኪና እንኳ አንዱን ምት እንዳለ አይደግምም ነበር።

ስለዚህ «እውነተኛ የ808 ሃይሃት አለኝ» ብሎ አንዲት ሳምፕል የሚያሳይ ሰው ከወንዙ አንድ ቅምጫና ውኃ ቀድቶ ወንዙን ያዝሁ እንደሚል ነው። መኪናውን የሚያመሰግን መስሎት መኪናው ያልነበረበትን ጕድለት ይጨምርበታል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ከአንድ ምት ይልቅ ከዚያው መኪና የተቀዱ አራት ወይም ስድስት ምቶችን ወስዶ ማፈራረቅ ነው።

ይህን ስል መኪና ሁሉ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። በ1983 የወጣው «ቲ አር 909» ሌላ ጠባይ አለው። በዚህኛው መኪና ከበሮዎቹ በኤሌክትሪክ የተፈጠሩ ሲሆኑ ሃይሃቱና ሲምባሎቹ ግን ከእውነተኛ ብረት ተቀድተው በ6 ቢት የተቀመጡ ናቸው። 6 ቢት ማለት የድምፁ ከፍታና ዝቅታ በ64 ደረጃ ብቻ ይለካል ማለት ነው። ሻካራነቱም በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። የ909 ሃይሃት በጥንቱም ሳምፕል ስለ ሆነ፣ ከእርሱ የተወሰደ ሳምፕል ከ808 ቅጂ ይልቅ ለምንጩ የታመነ ነው። የሁለቱን ልዩነት ሳያውቁ ሁለቱንም በአንድ መንገድ መሥራት የጆሮ ሳይሆን የእውቀት ጕድለት ነው።

4. ከሸክላ ስለ ተቀዳ ምት

ሁለተኛው የሳምፕል ምንጭ ሸክላ ነው። ለምሳሌ ያህል ከሁሉ የታወቀውን እወስዳለሁ። ጄምስ ብራውን በ1969 በሲንሲናቲ ከተማ ቀርጾ በ1970 ባወጣው «ፈንኪ ድራመር» በተባለው ሥራ ውስጥ፣ ሌሎቹ መሣሪያዎች ዝም ብለው ድራም መቺው ክላይድ ስታብልፊልድ ብቻውን የሚጫወትበት ወደ 20 ሴኮንድ የሚሆን ቦታ አለ። በዚያ ቦታ ሃይሃቱ ምቱን ለአራት እየከፈለ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎም ጥቂት ይከፈታል። ከሥሩ ደግሞ ግራ እጁ የጐን ከበሮውን በማይሰማ ያህል በቀስታ ይነካካዋል። ይህ 20 ሴኮንድ ከሺህ በሚበልጡ ዘፈኖች ውስጥ ገብቷል፤ ከነዚህም የፐብሊክ ኤነሚ «ፋይት ዘ ፓወር» በ1989፣ የኤል ኤል ኩል ጄ «ማማ ሴድ ኖክ ዩ አውት» በ1990 የወጡ ናቸው።

ከዚህ ሸክላ ላይ አንድ ሃይሃት ብቻውን ለመቍረጥ የሞከረ ሰው የሚያገኘውን አውቃለሁ፤ እኔም ሞክሬዋለሁና። የተቈረጠው ቁራጭ ብቻውን አይደለም። በመነሻው ላይ የቀድሞው ምት ጅራት አለ፤ በሥሩ የጐን ከበሮው ሹክሹክታ አለ፤ በዙሪያውም የክፍሉ አየር አለ። ብዙዎች ይህን እንደ ቆሻሻ ቈጥረው በማጣሪያ ያጥቡታል። ካጠቡት በኋላ የሚቀረው ግን ከማንኛውም ርካሽ ስብስብ ሊገኝ የሚችል ቀጭን ድምፅ ነው። እንግዲህ ከሸክላ መቍረጥ ለምን አስፈለገ? ሸክላው የሚሰጠን ጥቅም ያ «ቆሻሻ» የተባለው ራሱ ነው፤ እርሱ የእጁ አሻራ ነውና። ስለዚህ ከሸክላ የሚወስድ ሰው አንድ ምት ሳይሆን ሁለት ወይም አራት ተከታታይ ምት አብሮ ቢወስድ፣ የምቶቹን ዝምድናም ይዞ ይወጣል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አንድ ሌላ ልማድ ልናገር። በ1987 የወጣው «ኤስ ፒ 1200» የተባለው መኪና ድምፅን በ12 ቢትና በሴኮንድ 26,040 ጊዜ እየለካ ይቀዳ ነበር፤ መያዝ የሚችለውም ወደ 10 ሴኮንድ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ መኪና ከ13,000 ሄርትዝ በላይ ያለውን ድምፅ ሊይዝ አይችልም፤ ሃይሃት ደግሞ ከዚያ በላይ ብዙ ድምፅ አለው። ባለቤቶቹም ቦታ ለመቈጠብ ሲሉ የ33 ዙር ሸክላውን በ45 ዙር እያስሮጡ ከቀዱ በኋላ በመኪናው ውስጥ መልሰው ያዘገዩት ነበር። የዚያ ዘመን ሃይሃት ደብዛዛና ሻካራ የሆነው በከፊል በዚህ ድኽነት ምክንያት ነው። ዛሬ በቂ ቦታ ያለን እኛ ይህን ሻካራነት የሚያስመስል ፕሮግራም እየጫንን እንለብሰዋለን። በመሠረቱ ነውር አይደለም። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች በ10 ሴኮንድ ውስጥ ምን እንደሚያስገቡና ምን እንደሚተዉ አስበው ይመርጡ ነበር። እኛ ሻካራነቱን ወርሰን ምርጫውን ከተውን የወረስነው ጨርቁን እንጂ ሰውነቱን አይደለም።

5. ስለ አመራረጡና ስለ አሠራሩ

ከላይ ከተነገረው የሚከተሉ ጥቂት የሥራ ደንቦች አሉ።

በመጀመሪያ፣ ሃይሃት ብቻውን ሲሰማ አይመረጥ። ብቻውን ሲሰማ ደማቁ ሁሉ ያምራል። ከትልቁ ከበሮ፣ ከጐን ከበሮውና በተለይ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር መሰማት አለበት። እንደ «ሰ» ያሉ የምላስ ፉጨት ያላቸው ፊደሎች ድምፅ አብዛኛው ከ5,000 ሄርትዝ በላይ ነው፤ ይህም የሃይሃቱ ሰፈር ነው። በአማርኛችን ደግሞ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ» እና «ዘ» ብዙ ናቸው። ሃይሃቱ ሰፈሩን ሁሉ ከያዘው ግጥሙ አይሰማም። ዘፋኙን «ቃሉን አታጠራም» ብለን ከመውቀሳችን በፊት ሃይሃቱን ዝቅ አድርገን እንስማ።

ሁለተኛ፣ ምንጩ ንጹሕ ይሁን። በ128 ኪሎ ቢት የተጨመቀ ኤም ፒ 3 ፋይል ብዙውን ጊዜ ከ16,000 ሄርትዝ በላይ ያለውን ይቈርጣል፤ የሲምባል ድምፅንም እንደ ውኃ ያንቦጫርቀዋል። ከዚህ የተቈረጠ ሃይሃት በምንም ማጣሪያ አይድንም።

ሦስተኛ፣ የሳምፕሉ መነሻ ይስተካከል። በፋይሉ መጀመሪያ ላይ 10 ሚሊ ሴኮንድ ዝምታ ቢቀር፣ በደቂቃ 120 በሚሄድ ዘፈን ውስጥ ለአራት የተከፈለው ምት 125 ሚሊ ሴኮንድ ስለ ሆነ፣ ሃይሃቱ ከመቶ 8 እጅ ዘገየ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ «ስሜት የለውም» የምንለው ሥራ ሕመሙ ይኸው ነው።

አራተኛ፣ ድምፁ ጆሮ ሲወጋ ቀጭኑን ድምፅ ለመቀነስ ከመቸኰል በፊት ጅራቱ ይጠር። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው ድምቀቱ ሳይሆን ርዝመቱ ነው። እንዲሁም የተከፈተው ሃይሃት የተገጠመው ሲመታ ዝም እንዲል ሁለቱ ይታሰሩ። አንድ እግር ያለው መሣሪያ በአንድ ጊዜ ተከፍቶና ተገጥሞ ሊሰማ አይችልም።

አምስተኛ፣ ድምፁን ለማወፈር ብሎ ያንኑ ፋይል በጥቂቱ አዘግይቶ መደራረብ አይገባም። ለምሳሌ አንዱ ቅጂ በ1 ሚሊ ሴኮንድ ቢዘገይ በ500፣ በ1,500፣ በ2,500 ሄርትዝና እንዲህ በየ1,000 እየዘለለ ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ወፍራም እንዲሆን የታሰበው ድምፅ እንደ ማበጠሪያ የተሸነቈጠ ይሆናል።

ስድስተኛና ዋናው፣ ምቶቹ ይለያዩ። ከ1983 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው «ሚዲ» የተባለው የመሣሪያዎች ቋንቋ ለምት ኃይል 127 ደረጃ አለው፤ እኛ ግን ሁሉን በአንድ ደረጃ እንጽፋለን። የምት ኃይል ሲቀነስ ድምፁ ማነስ ብቻ አይበቃውም። በቀስታ የተመታ ሲምባል ቀጭን ድምፁም ያነሰ ስለ ሆነ፣ ማጣሪያው ከምቱ ኃይል ጋር አብሮ እንዲወርድ ማሰር ይገባል። ጊዜውም እንዲሁ ነው። ሮጀር ሊን በከበሮ መኪናዎቹ ውስጥ ያስገባው የማወዛወዝ ስልት ሁለተኛውን ምት ከእኩሌታው፣ ማለት ከመቶ 50፣ ወደ 66 ገደማ ሊያዘገየው ይችላል። በመካከል ያሉት ቍጥሮች ሁሉ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አረማመድ አላቸው።

እኔ ባለፈው ዕረፍት ወደ ተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሄጄ፣ በሙዚቃ ክፍሉ ውስጥ የሚገኙትን ጥንድ አሮጌ ሲምባሎች በፈቃድ በስልኬ ቀዳኋቸው። አንዱ ጠርዙ የተሰነጠቀ ነው። ከአርባ ምት መካከል ስድስት መርጬ፣ ከ300 ሄርትዝ በታች ያለውን የክፍሉን ጕርምርምታ ቈርጬ እያፈራረቅሁ ሠራሁባቸው። ድምፁ ከገዛሁት ስብስብ አይበልጥም፤ እንዲያውም ያንሳል። ያ ጓደኛዬ ግን ስለ መቺው እጅ መዛል ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

6. ተቃውሞና መልስ

በዚህ ሐሳብ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ውበት ከሰው እጅ መራቁ ነው፤ ሰው የሚያሰኝ ጕድለት ለመጨመር መድከም ኤሌክትሪክን ኵራዝ ለማስመሰል እንደ መድከም ነው ይባላል። በዲትሮይት ከተማ በ1980ዎቹ የተወለደው ቴክኖ የተሠራው በማይናወጽ ምት ላይ ነው፤ በሁለት የከበሮ ምቶች መካከል የሚገባው የ909 ክፍት ሃይሃት ባይደጋገም ኖሮ ያን ኃይል አያገኝም ነበር። ከአትላንታ የተነሣው ትራፕም የሰው እጅ ከቶ ሊመታው በማይችል ፍጥነት ሃይሃቱን እያርገፈገፈ የራሱን ውበት አግኝቷል።

ተቃውሞው እውነት አለው፤ ስለዚህ ሐሳቤን በትክክል መግለጽ አለብኝ። እኔ የምለው ሃይሃት ሁሉ የሰው ድራም መቺን ይምሰል አይደለም። የምለው ድግግሞሹ የተመረጠ ይሁን ነው። የዲትሮይቱ ጄፍ ሚልስ 909ን በሕዝብ ፊት እንደ መሣሪያ ይጫወተዋል፤ ሃይሃቱን ያስገባል፣ ያወጣል፣ ጅራቱን በቍልፉ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። ሳምፕሉ አንድ ነው፤ እጁ ግን በቦታው አለ። መልካም የትራፕ ሥራም ሲሰማ፣ የሃይሃቱ መርገፍገፍ የት እንደሚጀምር፣ የት ለሦስት እንደሚከፈል፣ የት ቃናው እንደሚወርድ፣ የት ለዘፋኙ ቦታ ለቆ ዝም እንደሚል አንድ ሰው አስቦበታል። እጅ ማለት ሥጋና አጥንት ብቻ አይደለም፤ ውሳኔም እጅ ነው። እኛን የሚያስወቅሰን መደጋገማችን ሳይሆን ሳንወስን መደጋገማችን ነው።

7. ስለ ፍትሕና መደምደሚያ

የቀረው ሁለተኛው ኃላፊነት ነው። ክላይድ ስታብልፊልድ በ2017 ሞተ። «ፈንኪ ድራመር» በድርሰት የተመዘገበው በጄምስ ብራውን ስም ስለ ሆነ፣ እነዚያ ሁሉ ዘፈኖች የተሠሩበት እጅ የድርሰት ድርሻ አልነበረውም። ሕጉ ስለ ትንንሽ ቁራጮች የሚለው በየአገሩ ይለያያል። በ2016 በአሜሪካ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ማዶና በ1990 ባወጣችው «ቮግ» ውስጥ ስለ ገባ የ0.23 ሴኮንድ የነፋስ መሣሪያ ድምፅ ሲፈርድ፣ ተራ አድማጭ ሊለየው የማይችል ጥቂት ነገር ስለ ሆነ አያስጠይቅም ብሏል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደግሞ በ2019፣ ከክራፍትቨርክ የ1977 «ሜታል አውፍ ሜታል» ስለ ተወሰደ ወደ ሁለት ሴኮንድ የሚሆን ምት ሲወስን፣ ቁራጩ ትንሽም ቢሆን በጆሮ የሚታወቅ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ሊታወቅ እስከማይችል ከተለወጠ ግን አያስፈልገውም አለ። የሥራው ስም «ብረት በብረት ላይ» ማለት መሆኑ ለጕዳያችን ተስማሚ ነው።

የተገጠመ ሃይሃት ከ0.23 ሴኮንድ ያነሰ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ብዙ ጊዜ በሕግ አንጠየቅ ይሆናል። ነገር ግን ዳኛው የሚጠይቀው አድማጩ ያውቀዋል ወይ ብሎ ነው፤ እኛ ራሳችንን የምንጠይቀው ግን እኛ እናውቀዋለን ወይ ብለን መሆን አለበት። የቈረጥነውን ሰው ስም የማናውቅ ከሆነ ከእርሱ ምንም አልተማርንም።

ይህ ጕዳይ የሩቅ አገር ጕዳይ ብቻ አይደለም። የሙላቱ አስታጥቄ «የገሌ ትዝታ» በ2010 ናስና ዳሚያን ማርሊ ባወጡት «አዝ ዊ ኢንተር» ውስጥ ገብቷል። አምኃ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው የሸክላ ድርጅትና በሌሎችም የታተሙት የዚያ ዘመን ሥራዎች፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኤትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም በፈረንሳይ እንደ ገና መውጣት ከጀመሩ ወዲህ ለዓለም ሁሉ የሳምፕል ማዕድን ሆነዋል። እኛም ከነዚያው ሸክላዎች እንቈርጣለን። ዘፋኙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከኋላው ተቀምጦ ጊዜውን ይጠብቅ የነበረውን ሰው ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቼ የማቀርበው አሳብ ሁለት ነው። ሥራችንን ስናወጣ፣ ሳምፕሉ ከሸክላ የተወሰደ እንደ ሆነ የሸክላውን ስም፣ የመቺውም ስም የታወቀ እንደ ሆነ እርሱን ጭምር ከሥሩ እንጻፍ። መምህራኖቻችንም ቢፈቅዱ፣ በዚያ ዘመን ጓዶች ውስጥ የተጫወቱትን በሕይወት ያሉ ድራም መቺዎች እየጠየቅን የየሸክላውን መቺ ስም መዝግበን በዚሁ መጽሔት እናውጣ። ለዚህ ሥራ አዲስ መኪና መግዛት አያስፈልግም፤ ደብተርና ትሕትና ይበቃል። ድምፁን ለማግኘት ያባከንነውን ሰዓት እኩሌታውን ብቻ ለዚህ ብናውለው፣ ሰዎቹ ሳያልፉ ልንደርስባቸው እንችላለን።